ነፃው የድምፅ መስጫ ገጽ፦ አንድ ወር ከተጠቀምንበት በኋላ

ነጥቡን ከፊት ልስጥ። ከ5 ላይ 2። ሰው ለመሰብሰብ ብቻ ቢሆን 4 እሰጠው ነበር። የሰውን ሐሳብ ለማወቅ ግን 1 ራሱ ይበዛበታል። የገጹን ስም አልጠራም፤ የማወራው ችግር የእሱ ብቻ አይደለም። ከእሱ በፊትም በኋላም የሞከርኳቸው ነፃ የድምፅ መስጫዎች በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት።

ለምን እንዳስፈለገን ላስረዳ። በኢንተርኔት የምንገናኝ አንባቢዎች ነን፣ ወደ 200 እንጠጋለን። በሳምንት ሁለት ማታ በድምፅ እንገናኛለን። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያዳምጣል። ንባቡን እየቀረፅን ፖድካስት እናድርገው ተባለና ስም አስፈለገው። ግሩፑ ውስጥ ስንወያይ ሁልጊዜ የሚናገሩት እነዚያው አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ውስጥ ነኝ። ዝም የሚሉትም ድምፅ ይኑራቸው ብዬ ድምፅ መስጫ ከፈትኩ።

አከፋፈቱን ሳላደንቅ አላልፍም። መመዝገብ የለም። ጥያቄህን ትጽፋለህ፣ አማራጮቹን ትደረድራለህ፣ ሊንኩን ትልካለህ፤ አለቀ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። የአማርኛው ፊደል አልተሰባበረም፣ ስልክ ላይም በደንብ ይታያል፣ በማስታወቂያ አያጨናንቅም። ከታች ሁለት ነገሮች ቀድመው ተመርጠው ነው የሚመጡት። አንዱ «ሰዎች የራሳቸውን አማራጭ መጨመር ይችላሉ» ይላል። ሌላው «ውጤቱ በቀጥታ ይታይ» ይላል። ሁለቱንም እንዳሉ ተውኳቸው። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከእነዚህ ሁለት ምልክቶች ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት 63 ሰው ድምፅ ሰጠ። «የማታ ገጽ» የሚለው ስም ይመራ ነበር። ያመጡት በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ የሆኑ አንዲት እናት ናቸው። ከዚያ ድመቷ መጣች። አንዱ ልጅ ሲያነብ፣ ታሪኩ በጣም የሚያሳዝነው ቦታ ላይ ሲደርስ፣ የቤቱ ድመት ማይኩ ላይ ጮኸች። ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። አንዱ አባል ያንን አሥራ ሁለት ሰከንድ ቆርጦ አወጣው፣ ሌላው ደግሞ «ድመቷ ትናገር» የሚል አማራጭ ጨመረ። ቅንጫቢውና ሊንኩ አብረው ወደ አንድ ትልቅ የድመት ቪዲዮ ግሩፕ ተሻገሩ።

በሦስተኛው ማታ ስልኬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ገጹን ባደስኩት ቁጥር ቁጥሩ ይዘላል። 90 ነበር፣ 140 ሆነ፣ ትንሽ ቆይቼ ስመለስ 600 አለፈ። ገጹ የድምፆቹን መዝገብ ለከፈተው ሰው ያሳያል (ይሄ ከምወድለት ነገር አንዱ ነው)፤ ገብቼ መስመር በመስመር ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ድምፆቹ በ8 ሰከንድ፣ በ11 ሰከንድ፣ አንዳንዴ በግማሽ ደቂቃ ልዩነት ነው የገቡት። ይሄ ሰው ነው። ቪዲዮውን ያያል፣ ይስቃል፣ ይጫናል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ ግን መዝገቡ መልኩን ቀየረ። በየሁለት ሰከንዱ አንድ ድምፅ፣ አንድም ሳይዘገይ፣ አንድም ሳይቸኩል፣ እስኪነጋ ድረስ። ሰው እንደዚያ አይጫንም። አንዱ ስክሪፕት፣ ማለትም በራሱ እየደጋገመ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም፣ ጽፎ ለቆት ተኝቷል ማለት ነው። ሲነጋ «ድመቷ ትናገር» ከ11 ሺህ በላይ ድምፅ ነበራት። የእኛ ግሩፕ አባላት ግን አሁንም 200 አይሞሉም።

ጠዋት እኚያ እናት ደወሉልኝ። አልተቆጡም፤ ግራ ገብቷቸው ነው። «ልጄ፣ እኔ አንድ ድምፅ ነበረኝ፣ እሱንም ሰጥቻለሁ። ለእነዚህ ልጆች ስንት ስንት ተሰጣቸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ገጹ «አንድ ሰው አንድ ድምፅ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እንየው። ሦስት መከላከያ አለው። የመጀመሪያው ኩኪ ነው፤ ድምፅ ስትሰጥ ብሮውዘርህ ላይ ትንሽ ምልክት ያስቀምጣል፣ ተመልሰህ ስትመጣ ያውቅሃል። ምልክቱን ካጠፋኸው ወይም በግል መስኮት ከገባህ ግን አዲስ ሰው ነህ። ሁለተኛው የአይፒ አድራሻን፣ ማለትም ኢንተርኔት የገባህበት መስመር የሚታወቅበትን ቁጥር፣ መቁጠር ነው። ይሄ ይባስ ያጠፋል፤ በአንድ ቤት ወይም በአንድ ትምህርት ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ ብዙ ጊዜ በአንድ አድራሻ ነው የሚወጡት፣ የስልክ ኢንተርኔትም ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ያወጣል። ስለዚህ ባልና ሚስት አብረው ድምፅ መስጠት አይችሉም፣ ቪፒኤን (አድራሻን የሚደብቅ መተግበሪያ) ያለው ልጅ ግን አድራሻ እየቀያየረ ሲጫን ያድራል። ሦስተኛው ካፕቻ ነው፣ ያ የተጣመመ ጽሑፍ ወይም «የትራፊክ መብራት ያለበትን ምረጥ» የሚለው። ተራ ስክሪፕትን ያቆማል። የተደራጁ ሰዎችን አያቆምም።

የተደራጁ ሰዎችን እንደማያቆም ዓለም ካወቀ ቆይቷል። በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ታይም መጽሔት የዓመቱን ተፅዕኖ ፈጣሪ ሰው በኢንተርኔት አስመርጦ ነበር። ያሸነፈው ፕሬዚዳንት ወይም ሳይንቲስት አይደለም። «ሙት» በሚል ስም የሚታወቀው፣ ፎርቻን የተባለውን ስም የለሽ የመወያያ ገጽ የመሠረተው ክሪስቶፈር ፑል ነው። 16,794,368 ድምፅ። ይህ ብቻ ቢሆን ተራ ማጭበርበር ባልነው ነበር። የፎርቻን ልጆች ግን የመጀመሪያዎቹን 21 ሰዎች ቅደም ተከተል ጭምር ነው ያስተካከሉት። የስሞቹ የመጀመሪያ ፊደላት ከላይ ወደ ታች ሲነበቡ «ማርብልኬክ፣ ኦልሶ ዘ ጌም» የሚል የእነሱ የውስጥ ቀልድ ይወጣል። እስቲ ሥራውን አስቡት። አንዱን ስም ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ እያደረጉ፣ ሃያ አንዱንም በየቦታው እንዲቆይ መጠበቅ ነው። ታይም መሀል ላይ ካፕቻ ሲያስገባ ስክሪፕቱን ትተው በእጃቸው መጫን ቀጠሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ይሄው ነው። ታይምም ውጤቱን እንዳለ አወጣው።

ለገጹ ድጋፍ ክፍል ጻፍኩላቸው። የመዝገቡን ስክሪንሾት፣ የሁለት ሰከንዱን ነገር፣ ሁሉን አያያዝኩ። መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። ከፍ ወዳለው ጥቅል ብሸጋገር ጥበቃው እንደሚጠነክር ይገልጻል። ስለ ስክሪፕቱ አንድ ቃል የለም። ነጥቡን ዝቅ ካደረግኩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ከጥበቃው አይደለም። ስክሪፕቱ ባይኖር፣ ያ ሁሉ ድምፅ ከእውነተኛ ሰው ቢመጣ እንኳ፣ ውጤቱ የእኛን አንባቢዎች ሐሳብ አይነግረኝም ነበር። የሚነግረኝ ሊንኩ ማን ጋ እንደደረሰና ማን ለመጫን እንደጓጓ ነው። ይሄ ከኢንተርኔት በፊት የታወቀ ነገር ነው። በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ማን ፕሬዚዳንት እንደሚሆን ለመተንበይ ለ10 ሚሊዮን ሰው ወረቀት ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። አልፍ ላንደን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሎፕ ደግሞ በ50 ሺህ ገደማ ሰው ብቻ አሸናፊውን በትክክል አስቀድሞ ተናግሯል። መጽሔቱ የላከው በስልክ ማውጫና በመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ላሉ፣ በዚያ የችግር ዘመን ኑሮ ለተሻላቸው ሰዎች ነበር። በዚያ ላይ ደግሞ ወረቀቱን የመለሰው የፈለገ ብቻ ነው። ብዛት አላዳነውም። በሁለት ዓመት ውስጥ መጽሔቱም ጠፋ።

ከሁሉ በላይ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየኝ የኒውዮርክ ሜትስ ታሪክ ነው። የቤዝቦል ቡድን ነው። በ2008 ደጋፊዎች በስታዲየም የሚዘፍኑትን ዘፈን በኢንተርኔት አስመረጠ። የኢንተርኔት ልጆች ሰምተው መጡና የሪክ አስትሊን የ1987 ዘፈን «ኔቨር ጎና ጊቭ ዩ አፕ»ን፣ ያንን ቀልደኞች በሌላ ነገር ስም ሊንኩን ልከውልህ ስትነካው ሳታስበው የሚከፈትብህን፣ ከ5 ሚሊዮን በላይ በሆነ ድምፅ አሸናፊ አደረጉት። ከዚያ ዘፈኑ በስታዲየሙ ተከፈተ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደጋፊ በጩኸት ተቃወመው። እዚያ የነበረው ሰው ሌላ፣ የተጫነው ሰው ሌላ።

እስከዚህ ያነበበ ሰው የኢንተርኔት ግሩፖችን የምጠላ ሊመስለው ይችላል። አልጠላም። ያንን 11 ሺህ ሳይ ልቤ ውስጥ ከንዴት ጋር ሌላ ነገርም ነበር። ይህን ያህል ሰው ለአንድ ድመትና ለአንድ ትንሽ የንባብ ግሩፕ እንቅልፉን አጥቷል። ይሄ ጉልበት ነው። ጥያቄው ባለቤቱ ምን ያደርግበታል ነው።

በ2007 ግሪንፒስ የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ለአንድ ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ ስም አውጡልኝ አለ። አብዛኞቹ አማራጮች የተከበሩ፣ ትርጉማቸው ጥልቅ የሆኑ ስሞች ነበሩ። አንዱ ግን «ሚስተር ስፕላሺ ፓንትስ» ነው፣ እንደው «አቶ ውኃ የረጩት ሱሪ» እንደማለት። ሬዲት በተባለው የመወያያ ገጽ ላይ ያሉ ሰዎች ይሄን ያዙና 78 ከመቶ ድምፅ አስገኙለት። ግሪንፒስ አልተኮሳተረም። ስሙን ተቀብሎ በዚያው የዘመቻውን ድምፅ አሰፋበት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጃፓን ሃምፕባክ ለማደን የያዘችውን ዕቅድ አቆመች። ያቆመችው በስሙ ብቻ ነው አልልም፤ ብዙ ግፊት ነበረባት። ግን ስለ ዓሣ ነባሪ አስቦ የማያውቅ ስንት ሰው በዚያ ስም ምክንያት ጆሮውን ሰጠ።

ናሳም በ2009 እንዲሁ ገጠመው። ለጠፈር ጣቢያው አዲስ ክፍል ስም ሲያስመርጥ የቴሌቪዥን ኮሜዲያኑ ስቲቨን ኮልበርት ተመልካቾቹን «የእኔን ስም ጻፉ» አላቸው። ከ230 ሺህ በላይ ሆነው ጻፉ፣ አሸነፈም። ናሳ ክፍሉን «ትራንኩዊሊቲ» አለው፤ አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ያረፈበት ቦታ ስም ነው። ኮልበርትን ግን ባዶ እጁን አልሰደደውም። ጠፈርተኞቹ የሚሮጡበትን የስፖርት ማሽን በስሙ ጠራለት። የእንግሊዝ የተፈጥሮ አካባቢ ምርምር ምክር ቤትም በ2016 የዋልታ ምርምር መርከቡን ስም ለሕዝብ ሲከፍት «ቦቲ ማክቦትፌስ» በ124,109 ድምፅ አንደኛ ወጣ። መርከቡ «ሰር ዴቪድ አተንቦሮ» ተባለ፣ ቦቲ የሚለው ስም ደግሞ ሰው አልባ ለሆነችው ጠላቂ ጀልባ ተሰጠ። ቦቲ አንታርክቲካ ሄዳ በጥልቁ ባሕር መረጃ ሰበሰበች፣ መረጃዋም ነፋሱ ሲበረታ ጥልቁ ውኃ እንዴት እንደሚሞቅ በሚያስረዳ ጥናት ላይ ታትሟል። 

ዘፋኙን ፒትቡልንም እወደዋለሁ በዚህ። በ2012 ዋልማርት የተባለው የአሜሪካ የሱቆች ድርጅት ፌስቡክ ላይ ብዙ ላይክ ያገኘው ሱቁ ጋ ዘፋኙን እልካለሁ አለ። ቀልደኞች ተባብረው አላስካ ውስጥ ያለችውን ኮዲያክ ደሴት አናት ላይ አወጧት፤ ሐሳባቸው ሰውየውን ወደ ሩቅ ማባረር ነው። እሱ ግን ሳያቅማማ ሄደ። ነገሩን የጀመረውንም ሰው አብረኸኝ ና ብሎ ጋበዘው። የደሴቲቱ ሰዎች በደስታ ተቀበሉት።

ሁሉም እንዲህ አያምርም። በዚያው በ2012 የማውንቴን ዲው አዲስ መጠጥ ስም በኢንተርኔት ሲጠየቅ ሂትለርን የሚያወድስ ስም አናት ላይ ወጣ፣ ገጹም ተዘጋ። እኔን የሚያመኝ ግን ሌላው ነው። ቴይለር ስዊፍት የምትዘፍንበትን ትምህርት ቤት ለመምረጥ በተደረገ ውድድር አንዳንዶች ሆን ብለው ቦስተን ለሚገኘው መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ድምፅ አጎረፉ። እየቀለዱ ነው። ትምህርት ቤቱ ከውድድሩ ወጣ። ዘፋኟ 10 ሺህ ዶላር ለገሰች፣ ስፖንሰሮቹም ጨመሩበት፣ ልጆቹም ለኮንሰርቷ ትኬት ተሰጣቸው። በመጨረሻ ደግ ሰው ስለተገኘ ነው እንጂ፣ እነዚያ ልጆች ምንም ሳያውቁ የሰው መሳቂያ ተደርገው ነበር። ድምፅ መስጫ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ታሪክ ግድግዳቸው ላይ ቢለጥፉት እመኛለሁ። ክፍት ሳጥን ስታስቀምጥ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ አንተ አይደለህም፤ ስሙ እዚያ የተጻፈው ነው።

ወደ ገጹ ልመለስ። ይህን አገልግሎት መጠቀም ለምትፈልጉ የማውቀውን ልንገራችሁ። አማራጭ መጨመሩን ዝጉት፤ ስም ለማሰባሰብ ሌላ ቦታ ክፈቱና የተሰበሰበውን ራሳችሁ አይታችሁ አስገቡ። ውጤቱን እስከ መጨረሻው ቀን ደብቁት። ቁጥሩ ሲዘል የሚያይ ሰው ድምፅ መስጠቱን ትቶ ጨዋታ ይጀምራል፤ ማን ቀደመ፣ ስንት ቀረ እያለ። ሦስተኛው ደግሞ እኔ ዘግይቼ ያገኘሁት ነው፦ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ፣ ወደ ታች ወርዳችሁ፣ «ተጨማሪ» የሚለውን ስትከፍቱ ለእያንዳንዱ ሰው የአንድ ጊዜ ኮድ የሚያወጣ ነገር አለ። ነፃ ነው። ከላይ ሆኖ መጀመሪያ መታየት የነበረበት እሱ ነው፤ ለምን እንደደበቁት አልገባኝም። ኮዱን ለአባሎቻችሁ አንድ በአንድ ትልካላችሁ፣ አንድ ኮድ አንዴ ብቻ ይሠራል። አድካሚ ነው፣ ለ200 ሰው ስልክ ሁለት ማታ ፈጅቶብኛል። ግን ይሠራል።

ገጹ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨመርም ጽፌላቸዋለሁ፦ «ይህ ውጤት ሊንኩ የደረሳቸውና ለመጫን የፈለጉ ሰዎችን ብቻ ያሳያል።» ከውጤቱ በላይ፣ በደማቅ ፊደል። እስካሁን አላደረጉትም። ያደረጉት ቀን ነጥቡን ወደ 3 አሳድገዋለሁ።

በኮዱ ድጋሚ አስመረጥን። 131 ሰው ድምፅ ሰጠ። «የማታ ገጽ» በ74 አሸነፈ፤ ለግሩፑ ዝምተኞች መጀመሪያ የፈለግሁት ይሄ ነበር፣ ድምፅ ከሰጡት አብዛኞቹ ግሩፑ ውስጥ አንድ ቀን ትንፍሽ ብለው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። «ድመቷ ትናገር» 38 አገኘች፤ ቀላል አይደለም፣ የእኛው አባላትም ወደዋት ነበር ማለት ነው። ጣልናት ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። ከንባቡ በኋላ አድማጮች ማይክ ወስደው የሚናገሩበት አሥር ደቂቃ አለን፣ ስም አልነበረውም። ለእሱ ሰጠናት።

ለድመት ቪዲዮው ግሩፕም የሆነውን ሁሉ ጻፍኩላቸው። መዝገቡንም አሳየኋቸው፣ የእናታችንንም ጥያቄ እንዳለ ነገርኳቸው። ስክሪፕቱን የለቀቀው ልጅ ራሱ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ሃያ ሦስት ሰዎች ከእነሱ መጥተው እኛ ጋ ቀሩ። እሱም አንዱ ነው፤ የፖድካስቱን ድምፅ አሁን የሚያስተካክለው እሱ ነው፣ ጥሩ ጆሮ አለው። የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች የሚከፍቱት ደግሞ እኚያ እናት ናቸው። ማይኩን ይቀበሉና «እሺ፣ ድመቷስ የት ገባች?» ይላሉ።